የዐጸዱ ዛፎች ዘር፦ የቤተ ክርስቲያን ደኖችን የዘር ብዝኃነት ስለ መከታተልና ስለ መጠበቅ

ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የተዘጋጀ ትምህርት



ከመቐለ ከተማ ወጥቶ በየትኛውም አቅጣጫ የሚጓዝ ሰው ከሩቅ አንድ አረንጓዴ ጉብታ ሲያይ «እዚያ ቤተ ክርስቲያን አለ» ይላል፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳትም። እርሻው፣ የግጦሹ ሜዳና ተዳፋቱ ከዛፍ በተራቆተበት አገር ጽዱና ወይራው ተጠልለው የቆዩት በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህም አባቶቻችንና እናቶቻችን የቤተ እግዚአብሔርን ዙሪያ ልብስ አድርገው ስለ ጠበቁት፣ በዐጸዱም መጥረቢያ ማንሣትን እንደ ድፍረት ስለ ቈጠሩት ነው።

ነገር ግን በዚህ ትምህርት አንድ ጥያቄ እናነሣለን። ዛፉ ቆሞ መታየቱ ብቻ ደኑ ሕያው ለመሆኑ በቂ ማስረጃ ነውን? አንድ ጽድ መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆም ይችላል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ግን ከሥሩ አንድ ቡቃያ ሳይተካ፣ ወይም የተተኩት ጥቂት ቡቃያዎች ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ሆነው ሊቆይ ይችላል። ያን ጊዜ ደኑ በዓይን ሲታይ ሙሉ ነው፤ በዘሩ ግን እየደኸየ ነው። ስለዚህ የዐጸዳችንን ዛፎች በቁመታቸውና በጥላቸው ብቻ ሳይሆን በዘራቸውም መመልከት እንድንችል ይህን ትምህርት አዘጋጅተናል። በጉባኤያችሁ ተራ በተራ አንብባችሁ በመጨረሻው ባሉት ጥያቄዎች ላይ እንድትወያዩ እንጠይቃለን።

፩. የዘር ብዝኃነት ማለት ምን ማለት ነው?

ስለ ብዝኃ ሕይወት ስንናገር አብዛኞቻችን የምናስበው የዛፍ ዓይነቶችን ብዛት ነው፤ ጽድ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባ፣ ዋርካ እያልን እንቈጥራለን። ይህ ትክክል ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ሁለተኛው ግማሽ በአንድ ዓይነት ዛፍ ውስጥ ያለው ልዩነት ነው። ሁለት የጽድ ዛፎች ለዓይናችን አንድ ቢመስሉም አንደኛው ድርቅን፣ ሁለተኛው ውርጭን፣ ሌላው ደግሞ ተባይን የሚቋቋምበት ጠባይ በውስጡ ሊኖር ይችላል። ይህ ጠባይ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው በዘረ መል ነው። በአንድ ደን ውስጥ የሚገኘው የዚህ ውርስ ልዩነት «የዘር ብዝኃነት» ይባላል።

የትግራይ ገበሬ ይህን አሳብ በመጽሐፍ ሳይማር በማሳው ያውቀዋል። ስንዴንና ገብስን ቀላቅሎ የሚዘራው ሐንፈጽ የሚባለው እህል ለዚህ ምስክር ነው። ዝናቡ ባጠረ ጊዜ ገብሱ ይደርስለታል፤ ዝናቡ በበዛ ጊዜ ስንዴው ይክሰዋል። በሐንፈጽ የተቀላቀሉት ሁለት ዓይነት እህሎች ናቸው፤ በደን ግን ይኸው ቅልቅል በአንዱ በጽድ ወይም በአንዱ በወይራ ውስጥ መኖር አለበት። ገበሬው የዘራው ባይሆንለት በዓመቱ ዘሩን ሊለውጥ ይችላል፤ ዛፍ ግን አንድ ጊዜ ከተተከለ የሚመጣውን የመቶ ዓመት የአየር ጠባይ ሁሉ በቆመበት ይቀበላል። ስለዚህ ከእህል ይልቅ ለዛፍ ቅልቅሉ የበለጠ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከቤታችን ነው። ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይቈጥራሉ። ዛፍ ግን ዘመዱን አይቈጥርም። ነፋስ ወይም ንብ ያመጣለትን የአበባ ብናኝ ይቀበላል። በዙሪያው ያሉት ሁሉ ወንድሞቹና እኅቶቹ ከሆኑ ከእነርሱ ጋር ይዳቀላል። ከእንዲህ ያለ መዳቀል የሚገኘው ዘር ብዙ ጊዜ ባዶ ወይም ደካማ ይሆናል፤ ቢበቅልም ችግኙ ቀርፋፋና በቀላሉ የሚጠቃ ነው። እንግዲህ ለዛፎች የሰባት ቤት ቈጣሪው ማን ይሁን? መልሱ ዘር የሚሰበስበውና ችግኝ የሚተክለው ሰው ነው፤ በዐጸዳችን ጉዳይ ደግሞ እኛው ነን።

፪. በመቐለ ዙሪያ ያሉት ደኖች

ከመቐለ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ደጋው ወደ አፋር ዝቅተኛ ምድር በሚወርድበት ገደል ላይ የደስአ ደን ይገኛል። ደስአ በሰሜን ኢትዮጵያ ከቀሩት ጥንታውያን የደረቅ ደጋ ደኖች አንዱ ሲሆን ዋነኞቹ ዛፎቹ ጽድና ወይራ ናቸው። በስተ ደቡብ በኩል፣ በኮረምና በአሸንጌ ሐይቅ አካባቢ፣ የሑጉምብርዳ ግራት ካሕሱ ደን አለ። ከእነዚህ ሰፋፊ ደኖች ውጭ የቀረው የጥንቱ ደን ቅሪት በአመዛኙ በገዳማትና በአድባራት ዐጸድ የተጠለለው ነው። በመላው አገሪቱ ወደ 35 ሺህ የሚጠጉ አብያተ ክርስቲያናት እንዳሉ ይነገራል፤ የብዙዎቹም ዐጸድ ትንሽም ትልቅም ቢሆን የአገር በቀል ዛፍ መጠለያ ነው።

በደስአ የተካሄዱ ጥናቶች እንደሚያስረዱት በታችኛው፣ ማለትም ሞቃትና ደረቅ በሆነው የደኑ ክፍል፣ ጽዱና ወይራው በብዛት ቆመው ደርቀዋል፤ የደኑም ጠርዝ ወደ ላይ እየሸሸ ነው። ለዘር ጥበቃ ይህ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ነው። ምክንያቱም በደረቁ ጠርዝ ላይ የሚገኙት ዛፎች ለድርቅ የለመደ ዘር ይዘው ሊገኙ የሚችሉት ናቸው። እነርሱ ሳይተኩ ሲደርቁ የምናጣው እንጨትን ብቻ ሳይሆን ለሚመጣው ሞቃት ዘመን የሚያስፈልገንን ዘር ነው።

ሌላው መልካም ታሪክ የከለላ መሬት ነው። በትግራይ ሕዝቡ የተራቆቱ ተዳፋቶችን ከግጦሽና ከቆረጣ ከልሎ በነጻ ጉልበት እርከን ሠርቶ አረንጓዴ አልብሷል። ለዚህም ሥራ ክልሉ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፍ የፖሊሲ ሽልማት በወርቅ ደረጃ አግኝቷል፤ የአብርሃ ወአጽብሓ ቀበሌ ማኅበረሰብም እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳተር ሽልማትን ተቀብሏል። ከዚያም እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2022 በቆየው ጦርነት መብራትና ነዳጅ በመቋረጡ የማገዶና የከሰል ፍላጎት በረታ፤ በዓመታት ድካም የለሙ ከለላ መሬቶችም ተጎዱ። ልጁን የሚመግብበት እሳት አጥቶ ዛፍ የቆረጠውን ሰው ለመክሰስ ይህን አንጽፍም። የምንጽፈው አሁን እንደገና ስንተክል የምንተክለውን ዘር ከየት እናመጣለን የሚለው ጥያቄ ስለ ተነሣ ነው። የከለላ መሬቱ ደን ከተጎዳ፣ በአቅራቢያው የቀረችው የዘር ምንጭ ብዙ ጊዜ ያች በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን የቆመች ዛፍ ናት።

፫. ዘሩ ሳይታይ የሚጠፋባቸው አራት መንገዶች

የመጀመሪያው መለያየት ነው። በደቡብ ጎንደር ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተነሡ የአየር ፎቶግራፎች ሲመረመሩ የቤተ ክርስቲያን ደኖቹ ጸንተው መቆየታቸው ታይቷል፤ በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦና ዛፍ ግን እየሳሳ ሄዷል። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ዐጸድ በእርሻ ባሕር የተከበበ ደሴት ይሆናል። ወፍ ከደሴት ወደ ደሴት ፍሬ ካላደረሰ፣ ነፋስና ንብም ብናኝ ካላመላለሱ፣ በደሴቱ ያሉት ዛፎች ትውልድ በትውልድ ዘመዳሞች ይሆናሉ።

ሁለተኛው ጾታን አለማወቅ ነው። የጽድ ዛፍ በአብዛኛው ተባዕቱ ለብቻው፣ እንስቷም ለብቻዋ የቆሙ ናቸው። ኮሶና ዝግባም እንዲሁ ናቸው። እንስቷ ጽድ ወደ ሰማያዊ ጥቁረት የሚያደላ ትንንሽ ፍሬ ትይዛለች፤ ተባዕቱ ደግሞ በቅርንጫፎቹ ጫፍ ቢጫማ ብናኝ የሚበትኑ ደቃቅ እምቡጦች አሉት። በኖኅ መርከብ ታሪክ እንስሳቱ ተባዕትና እንስት ሆነው የገቡት በምድር ላይ ዘር እንዲቀር መሆኑን ሁላችንም እናስተምራለን። ይኸው ሥርዓት በዐጸዳችን ጽድ ላይም አለ። ይህን ሳናውቅ «ፍሬ የሌለው ነው» ብለን ተባዕቱን፣ ወይም «መሬቱን በፍሬ ታቆሽሻለች» ብለን እንስቷን ብንቆርጥ የቀሩት ዘር አልባ ይሆናሉ።

ሦስተኛው ምርጡን መቁረጥ ነው። ለምሰሶ፣ ለማገር ወይም ለበር የሚመረጠው ቀጥ ያለው፣ ጤነኛውና ረጅሙ ዛፍ ነው፤ የሚተወው የጎበጠው ነው። ገበሬ ከአውድማው ምርጡን እህል ለዘር ያስቀምጣል፤ እኛ ግን በዛፍ ላይ ግልባጩን እንሠራለን። ምርጡን እንወስድና ከደካማው ዘር እንጠብቃለን።

አራተኛው መሬቱ የደበቀልን ዘር አለ ብሎ መተማመን ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖች አፈር ውስጥ ያለው ዘር ሲጠና አብዛኛው የሣርና የትናንሽ ዕፀዋት ሆኖ ተገኝቷል፤ የዛፎቹ ዘር ጥቂት ነበር። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ የቆመው ዛፍ ከሄደ በአፈር ውስጥ የሚጠብቀን ጎተራ የለም። በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች 168 የእንጨት ዕፀዋት ዓይነቶች የተመዘገቡበት ጥናት የሀብቱን ታላቅነት ያሳያል፤ ሆኖም ከብት የሚገባበት ዐጸድ ቡቃያ እንደማያሳድግ በዚያው አካባቢ በአጥር ከልሎ በተደረገ ሙከራ ታይቷል።

፬. ከዕጣን ዛፍ የምንማረው

በጥናዋ የምናጤሰው ዕጣን የሚገኝበት ዛፍ፣ በትግርኛ «መቐር» የሚባለው፣ በተንቤንና በአበርገለ ቆላማ ስፍራዎች፣ እንዲሁም በምዕራብ በሑመራ አቅጣጫ ይበቅላል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30 ከቅዱሱ ዕጣን ቅመሞች አንዱ ነጩ ዕጣን ነው፤ ሰብአ ሰገልም ለጌታ ካቀረቧቸው ሦስት ስጦታዎች አንዱ ነበር። ይህን ዛፍ እንደ ሌላው እንጨት ብቻ ልንመለከተው አንችልም።

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሰፊ ጥናት በዚህ ዛፍ ላይ ከባድ ነገር ተናግሯል። ተመራማሪዎቹ 23 የዕጣን ዛፍ ስፍራዎችን መርምረው 21,786 ዛፎችን ቈጥረዋል። ከስፍራዎቹ ከ75 በመቶ በላይ በሚሆኑት ወጣት ዛፍ አልተገኘም፤ ተተኪ ከቆመ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። በዚህ ከቀጠለ የዕጣኑ ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ አስልተዋል። ምክንያት ያሏቸውም ግጦሽ፣ ተደጋጋሚ ቃጠሎና ልክ የሌለው መቀንጠብ ናቸው።

መቀንጠቡ ዘሩን እንዴት እንደሚጎዳ በኤርትራ የተደረገ ሌላ ጥናት ያስረዳል። ካልተቀነጠቡ ዛፎች ከተሰበሰበው ዘር ከ80 በመቶ በላይ በቅሏል፤ አብዝተው ከተቀነጠቡት ግን ከ16 በመቶ በታች ብቻ ነው። ዛፉ ቁስሉን ለመጠገን ሙጫ ሲያፈስ ለዘሩ የሚያውለውን ኃይል ያወጣል። እንግዲህ ሙጫውን ሁልጊዜ የምንወስድበት ዛፍ ልጅ አይወልድልንም።

ከሁሉም በላይ ልብ ልንለው የሚገባን እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የዘረ መል ጥናት ነው። በኢትዮጵያ የቆሙት የዕጣን ዛፎች ዛሬም ሰፊ የዘር ብዝኃነት እንዳላቸው፣ የአንዱ አካባቢ ዛፎችም ከሌላው አካባቢ ዛፎች በዘራቸው እንደሚለዩ አሳይቷል። ይህ የምሥራችም ማስጠንቀቂያም ነው። የምሥራችነቱ ሀብቱ ገና በእጃችን መኖሩ ነው። ማስጠንቀቂያነቱ ደግሞ ሀብቱ ያለው በአረጋውያኑ ዛፎች ላይ ብቻ መሆኑ ነው፤ ልጅ ሳይተኩ ሲያልፉ ውርሱ አብሯቸው ያልፋል። የአበርገለው ቢጠፋ የሑመራው ሙሉ በሙሉ አይተካውም።

በቆላ ያላችሁ አጥቢያዎች የዕጣን ዛፍን ከቅርንጫፍ ቆርጦ መትከል እንደሚቻል ታውቁ ይሆናል፤ በሰሜን ኢትዮጵያም ተሞክሯል። ይህ መልካም ዘዴ ነው፤ ግን አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከአንድ ዛፍ የተቆረጡ መቶ ቅርንጫፎች መቶ ዛፎች ቢሆኑም በዘራቸው አንድ ዛፍ ናቸው። ስለዚህ ቅርንጫፉ ከብዙ ዛፎች ይወሰድ፤ ከተቻለም በዘር የበቀለ ይጨመርበት።

፭. ክትትል፦ የዐጸዱ መዝገብ

የዘር ብዝኃነት በትክክል የሚለካው ቅጠል ወስዶ በቤተ ሙከራ ዘረ መሉን በመመርመር ነው። ይህ ውድ ሥራ ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው የመጀመሪያው የዓለም የደን ዘረ መል ሀብት ሪፖርት መሠረት፣ በዘረ መል ደረጃ መረጃ ያላቸው የዛፍ ዓይነቶች ከጠቅላላው 1 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። ስለዚህ ቤተ ሙከራውን ከጠበቅን ብዙ ዓመት እንጠብቃለን። ይሁን እንጂ የዘሩን ጤንነት የሚጠቁሙ፣ በዓይንና በእርሳስ የሚመዘገቡ ምልክቶች አሉ። ጥምቀትና ልደት በመዝገብ እንደሚጻፉ ሁሉ እነዚህም በአንድ ደብተር በየዓመቱ ይጻፉ፦

በመጀመሪያ፣ በዐጸዱ ያለው እያንዳንዱ አገር በቀል ዛፍ በዓይነቱ ይቈጠር። ቁጥሩ ከ50 በታች የሆነ ዓይነት ካለ እያንዳንዱ ዛፍ ተራ ቁጥር ይሰጠው።

ሁለተኛ፣ ጽድ፣ ኮሶና ዝግባ በተባዕትና በእንስት ተለይተው ይጻፉ። ለዚህም በአበባና በፍሬ ወቅት መዞር ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ በዓመቱ ፍሬ ያፈሩት እነማን እንደ ሆኑ ይመዝገብ። ቆሞ ያለ ሁሉ ወላጅ አይደለም።

አራተኛ፣ የዕድሜ ደረጃው ይታይ፤ ቡቃያ ስንት፣ ከሰው ቁመት የማይበልጥ ወጣት ስንት፣ ሙሉ ዛፍ ስንት። ወጣቱ ክፍል ባዶ ከሆነ ደኑ ልጅ አልባ ነው።

አምስተኛ፣ የተተከለ ችግኝ ሁሉ ከየትኛው ዐጸድ ወይም ከየትኛው ችግኝ ጣቢያ እንደ መጣ፣ ዘሩም ከስንት እናት ዛፍ እንደ ተሰበሰበ ይጻፍ።

ስድስተኛ፣ የደረቀ፣ የወደቀና የተቆረጠ ዛፍ ከነምክንያቱ ይጻፍ።

ይህ ሥራ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በሚገባ ያሳትፋል። በዩኒቨርሲቲ የደን ትምህርት የሚማሩ የአጥቢያው ልጆች ካሉም ዓይነቶቹን በመለየት ይረዷችኋል። ዋናው ነገር መዝገቡ የአንድ ዓመት ጉጉት ሆኖ እንዳይቀር በሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ እጅ መቆየቱ ነው።

፮. የስሌት ምሳሌ፦ ስድስት ምሰሶ

አሁን በየአጥቢያው የሚገጥመንን አንድ አስቸጋሪ ነገር እናንሣ። ቤተ ክርስቲያኑ አርጅቷል፤ ጣሪያው ያፈስሳል፤ ገንዘብ የለም፤ በዐጸዱ ግን ጽድ ቆሟል። የሰበካ ጉባኤው «ቤቱ ለእግዚአብሔር፣ ዛፉም ለእግዚአብሔር ነው» ብሎ ጥቂት ዛፍ ለመቁረጥ ያስባል። ይህን አሳብ በችኮላ ማውገዝ አይገባም፤ በቁጥር መመርመር ግን ይገባል።

ለምሳሌ እንዲህ እናስብ። በአንድ ዐጸድ 40 ሙሉ ጽዶች አሉ፤ 26ቱ ተባዕት፣ 14ቱ እንስት ናቸው። ከእንስቶቹ 3ቱ አርጅተው ፍሬ አቁመዋል፤ የሚወልዱት 11 ናቸው። ለሕንፃው 6 ምሰሶ ያስፈልጋል። ቀጥ ያሉት ሲመረጡ 5ቱ ፍሬ ከሚያፈሩት እንስቶች፣ 1 ከተባዕቱ ሆነ። ከ40 ዛፍ 6 መቁረጥ 15 በመቶ ብቻ ስለሆነ ቀላል ይመስላል።

የዘር ሊቃውንት ግን በሌላ መንገድ ይቈጥራሉ። የሚወልዱትን ተባዕት ቁጥር በሚወልዱት እንስት ቁጥር ያባዛሉ፤ የተገኘውን እንደገና በ4 ያባዛሉ፤ ከዚያም ለሁለቱ ድምር ያካፍላሉ። ከመቆረጡ በፊት 26 ተባዕትና 11 እንስት ስለ ነበሩ ውጤቱ 31 ገደማ ነው። ከተቆረጠ በኋላ 25 ተባዕትና 6 እንስት ይቀራሉ፤ ውጤቱም 19 ገደማ ይሆናል። በዓይን 15 በመቶ የመሰለው በዘር ሲቈጠር ከሦስት እጅ አንዱ በላይ ጎደለ ማለት ነው። ያው 6 ምሰሶ ከተባዕቱ ብቻ ቢወሰድ ኖሮ 20 ተባዕትና 11 እንስት ቀርተው ውጤቱ 28 ገደማ ይሆን ነበር።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ሦስት ነው። አንደኛ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሌላ አማራጭ ይፈለግ፤ ለግንባታ በተለየ ቦታ የተተከለ ባሕር ዛፍ ወይም የሚገዛ እንጨት ካለ የዐጸዱ ጽድ አይነካ። ባሕር ዛፉ ግን በአገር በቀሉ ደን ውስጥ አይግባ። ሁለተኛ፣ መቁረጥ ግድ ከሆነ መዝገቡ ሳይታይ፣ ጾታው ሳይለይ አንድ ዛፍ አይውደቅ። ሦስተኛ፣ ሊቆረጥ የተወሰነ ዛፍ ፍሬው ደርሶ ዘሩ ተሰብስቦ ችግኙ እስኪፈላ ይቆይ። ሕንፃው አንድ ዓመት ቢዘገይ ይጠገናል፤ የጠፋ ዘር ግን አይጠገንም።

፯. ዘር መሰብሰብና መለዋወጥ

ዘር ለመሰብሰብ የምንከተለው ልማድ ብዙ ጊዜ ቅርብ ካለው፣ ብዙ ካፈራው አንድ ዛፍ ከረጢት መሙላት ነው። ሺህ ችግኝ ከአንድ እናት ሲፈላ ከሃያ ዓመት በኋላ ሺህ እኅትማማቾች እርስ በርስ ይዳቀላሉ። በደን ሥራ የተለመደው ምክር ከ30 ከማያንሱ ጤነኛ እናት ዛፎች፣ በመካከላቸው 50 ወይም 100 ሜትር ያህል ርቀት ካላቸው፣ ከእያንዳንዳቸውም እኩል መጠን መሰብሰብ ነው። ርቀቱ የተፈለገው አጠገብ ለአጠገብ የቆሙ ዛፎች ብዙ ጊዜ ዘመዳሞች ስለሆኑ ነው።

ታዲያ በዐጸዱ አሥር እናት ዛፍ ብቻ ያለው አጥቢያ ምን ያድርግ? ለዚህ መልሱ መለዋወጥ ነው። በከፍታቸውና በዝናባቸው የሚመሳሰሉ አራት ወይም አምስት አጥቢያዎች ተስማምተው እያንዳንዳቸው ከየእናት ዛፎቻቸው ዘር ያምጡ፤ በአንድ ችግኝ ጣቢያ ይቀላቀል፤ ችግኙም ለሁሉም ይከፋፈል። እንዲህ ሲሆን ደሴት የሆኑት ዐጸዶች እንደገና አንድ ደን ይሆናሉ። የደጋውን ዘር ወደ ቆላ፣ የቆላውንም ወደ ደጋ ማውረድና ማውጣት ግን አይገባም፤ የለመደውን የአየር ጠባይ ያጣልና።

የወይራ ፍሬ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ በችግኝ ጣቢያ ሥጋው ታጥቦ፣ አጥንቱም ፍሬው ሳይጎዳ በጥንቃቄ ቢሰነጠቅ በተሻለ ይበቅላል። በመስክ ሲተከል ደግሞ ከደደሆና ከመሳሰሉት ቁጥቋጦዎች ጥላ ሥር ቢሆን ይመረጣል። በትግራይ የከለላ መሬቶች የተደረጉ ጥናቶች የወይራ ቡቃያ ከፀሐይና ከፍየል የሚተርፈው በቁጥቋጦ ሥር መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ ለበዓል ዐጸዱን ስናጸዳ ቁጥቋጦውን ሁሉ መመንጠር ቡቃያውን መግደል ነው። መንገዱና ሕዝቡ የሚቆምበት ይጽዳ፤ ከዚያ ያለፈው ይቆይ።

፰. ዘር ሊወስዱ ስለሚመጡ ሰዎች

ለጥናት ቅጠል፣ ዘር ወይም ሙጫ የሚጠይቅ ሰው ወደ አጥቢያው ቢመጣ ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን ስለ ማግኘት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ሀብቱን ለመውሰድ ፈቃድ፣ የማኅበረሰቡንም አስቀድሞ ማወቅና መስማማት ይጠይቃል። ፈቃዱን የሚሰጠው ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ተቋም ነው። ተማሪንና ተመራማሪን በክብር ተቀበሉ፤ ነገር ግን ፈቃዱን ጠይቁ፤ የተወሰደውን በመዝገብ ጻፉ፤ የጥናቱ ውጤት ወደ አጥቢያው እንዲመለስም ቃል አስገቡ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በዐጸዳችን ስንት ጽድ አለ? ከእነርሱ ስንቱ ተባዕት፣ ስንቱ እንስት ነው? መልሱን የማናውቅ ከሆነ መቼ እንቈጥራለን?

2. ባለፉት አምስት ዓመታት የተከልናቸው ችግኞች ዘር ከየት መጣ? ከስንት እናት ዛፍ?

3. ከጎረቤት አጥቢያዎች ዘር የምንለዋወጥባቸው እነማን ናቸው? የከፍታና የዝናብ ሁኔታቸው ከእኛ ጋር ይመሳሰላልን?

4. ከብት ወደ ዐጸዳችን በየት በኩል ይገባል? አጥሩን ለመጠገን የሚያስፈልገው ድንጋይ ነው፣ ገንዘብ ነው ወይስ ስምምነት?

5. የምናጤሰው ዕጣን ከየትኛው አካባቢ እንደሚመጣ ነጋዴውን ጠይቀን እናውቃለንን?

ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት የምንጠይቃችሁ አንድ ሥራ ብቻ ነው። አንድ ደብተር ገዝታችሁ ከላይ ባሉት ስድስት ነጥቦች መሠረት የመጀመሪያውን ቈጠራ ጀምሩ። ሁሉንም ዛፍ በአንድ ጊዜ መጨረስ ካልተቻለ ከጽዱ ጀምሩ። በዘፍጥረት ምዕራፍ 2 አዳም በገነት የተሾመው ለሁለት ሥራ፣ ለማልማትና ለመጠበቅ ነው። በችግኝ ተከላ ማልማቱን በየዓመቱ በሐምሌ እናስበዋለን፤ መጠበቁ ግን ያለንን ከማወቅ ይጀምራል። የዐጸዱ ጽድ እኛን ያጠለለው ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ዘሩን ስላቆዩልን ነውና ለሚመጡት ልጆቻችን እኛም እናቆይላቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።